ምትክ ሞተርና የነጋዴ አደራ

የጥንት የስፖርት መኪና ያለው ሰው ሞተሩ ከጥገና ውጭ በሆነበት ጊዜ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው እንደ ቀድሞው ያለ ሞተር እስኪገኝ መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ምትክ ሞተር መግጠም ነው። የጥንቱ ይጠበቅ የሚሉት ሰዎች የዕቃው ታሪክና ዋጋ እንዳይጠፋ ስለሚያስቡ ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ መኪና ቆሞ ከሚዝግ በምትክ ሞተር ቢሄድ የሚሻል መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሊመረመር የሚገባው ምትኩን የሚሸጠው ነጋዴ ኀላፊነቱ እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ነገር በእንግሊዝ አገር የነበረው የሩትስ ኩባንያ ሥራ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ይህ ኩባንያ ሰንቢም አልፓይን የተባለች አነስተኛ የስፖርት መኪና ይሠራ ነበር። ሞተሯ ባለ 4 ሲሊንደር፥ መጠኑም 1,592 ሲሲ ስለ ነበረ በአሜሪካ ገበያ ጉልበቷ አነሰ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1963 የቀድሞው የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ካሮል ሼልቢ በካሊፎርኒያ የፎርድን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ገጥሞ ሞከረላቸው። የዚህ ሞተር መጠን 4,261 ሲሲ ነበር። በ1964 መኪናዪቱ ሰንቢም ታይገር ተብላ ለገበያ ቀረበች።

ታዲያ ሞተሩ ብቻውን አልመጣም። ከርሱ ጋር የሚስማማ ፍሪሲዮንና ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ አብሮት ገባ፤ የኋላው አክሰል ጉልበቱን በሚችል ተለወጠ፤ የመሪው አሠራር ለሞተሩ ቦታ እንዲለቅ ተቀየረ፤ ባትሪውም ወደ ኋላ ተዛወረ። እንዲያም ሆኖ ቦታው በጣም ስለ ጠበበ፥ ከካንዴላዎቹ አንደኛውን ለመፍታት በተሳፋሪው ክፍል በኩል በብረቱ ላይ ቀዳዳ ተበጀ። ብዙ መሐንዲስ ያለው ፋብሪካ ይህን ያህል ከደከመ፥ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የሚደረገው ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ መገመት አያስቸግርም።

ከሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለው ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን ከሞተሩ ጉልበት ተቀብሎ ለካምቢዮው የሚያስረክብ ደላላ ነው። ደላላ ከሁለቱም ወገን ጋር ካልተስማማ ውሉ ይፈርሳል። የፍሪሲዮኑ ዲስክ በስፋቱ ከሞተሩ ቮላኖ ጋር፥ በመካከሉ ጥርስ ደግሞ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር መግጠም አለበት፤ የዘንጉ ጫፍ የሚያርፍበት ኩሽኔታ በልኩ መሆን፥ ሞተሩና ካምቢዮውም በአንድ መስመር መቆም ይገባቸዋል። ለአነስተኛ ሞተር የተሠራ ፍሪሲዮን በትልቅ ሞተር ላይ ቢገጠም ይንሸራተታል፤ ሸራውም ይቃጠላል። መስመሩ ከተዛባ ዲስኩና ኩሽኔታው ያለ ጊዜያቸው ይበላሉ። ፍሬኑ ሳይመረመር ጉልበት ብቻ ቢጨመር ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

አንዳንዱ ነጋዴ «የእኔ ሥራ ሞተር መሸጥ ነው፤ መግጠሙ የሜካኒኩ ፈንታ ነው» ይል ይሆናል። ገዢው ግን ገንዘቡን ቆጥሮ የሚሰጠው መኪናው እንደሚሄድለት አምኖ ነው። ነጋዴ ሜካኒክ ይሁን የሚል የለም። ነገር ግን ሞተሩ የሚገባው በየትኛው መኪና እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ፥ ፍሪሲዮኑንና ቮላኖውን፥ ሲቻልም ካምቢዮውን ከሞተሩ ሳይነጥሉ ማስመጣት፥ የጎደለ ዕቃ ካለም ከሽያጩ በፊት መናገር የነጋዴ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ ስለሚሰፍር፥ ቁጥሩንና ዕቃው ምትክ መሆኑን በደረሰኙ ላይ በግልጽ መጻፍ ገዢውንም ሻጩንም ከክርክር ያድናል። ሞተሩን ነጥሎ በርካሽ ለመሸጥ የሚጣደፍ ሰው ትርፉ የአንድ ቀን ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

የታይገር ፍጻሜ ደግሞ ለአስመጪዎች ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ1967 ሩትስ በክራይስለር ሥልጣን ሥር በገባ ጊዜ፥ አዲሱ ባለቤት የተወዳዳሪውን የፎርድን ሞተር እየገዛ መቀጠል አልወደደም፤ የራሱም ሞተር በዚያ ጠባብ ቦታ የሚገባ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ 7,000 ያህል መኪናዎች ከተሠሩ በኋላ በዚያው ዓመት ሥራው ቆመ። እንግዲህ ምትክ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ዛሬ መገኘቱን ብቻ አይቶ መግዛት አይገባውም፤ የከርሞው ሸራና ኩሽኔታ ከወዴት እንደሚመጣም ሊያውቅ ይገባዋል።

ምትክ መሸጥ ነውር የለበትም። ነውሩ ጎዶሎውን ሙሉ አስመስሎ መሸጥ ነው። ሙሉውን አሟልቶ፥ ስሙንም ሳይደብቅ የሚሸጥ ነጋዴ፥ ደንበኛው ሌላ ዕቃ በፈለገ ጊዜ ተመልሶ ይመጣለታል።