ጠባሳው አይናገርም

ጅማ ውስጥ አራስ ልንጠይቅ በገባንበት ቤት ሁሉ ጥያቄው ያው ነው። ‹‹እንኳን ማርያም ማረችሽ››ም ‹‹አልሐምዱሊላህ››ም ተብሎ፣ ገንፎው ቀርቦ፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ አንዷ ጠጋ ትልና ‹‹ወደ ጎን ነው ወይስ ወደ ታች የቀደዱሽ?›› ትላለች። ወደ ጎን ከሆነ ሐኪሙ ጎበዝ ነው። ወደ ታች ከሆነ ‹‹ተማሪ ነው የተለማመደብሽ›› ይባላል። ጋዜጠኝነት ተምረናል የምንለው እኛም ሳንቀር በዚሁ ሚዛን ሐኪም ስንመዝን ኖረናል። ተሳስተናል።

ጎበዝ፣ የሆድ ቆዳ ላይ ያለው መስመርና ማኅፀን ላይ ያለው መስመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው! ጀርመናዊው ፋነንስቲል እ.ኤ.አ. በ1900 ያስተዋወቀው ከሆድ ግርጌ ወደ ጎን የሚሄደው ቅድ ጠባሳው ስለማይታይ ያምራል። ሰዓት ሲጠብና ቶሎ መግባት ሲያስፈልግ ግን ሐኪሙ ከእምብርት በታች ቀጥ አድርጎ ሊከፍት ይችላል። ቆዳዋ ወደ ታች የተቀደደ ሴት ማኅፀኗ ወደ ጎን የተከፈተ ሊሆን ይችላል፤ የሚያምር ጠባሳ ያላትም ተቃራኒው ሊሆንባት ይችላል።

ሐኪሞቹ ደግሞ የራሳቸው ክርክር አላቸው። በጣት ይከፈት ወይስ በምላጭ? ማኅፀኑ ወጥቶ ይሰፋ ወይስ እዚያው? በአንድ ረድፍ ወይስ በሁለት? የሆድ ዕቃው ሽፋን ይሰፋ ወይስ ይተው? ክሩስ የትኛው ይሁን? ኮሮኒስ የተባለው ጥናት ጎረቤቶቻችንን ኬንያንና ሱዳንን ጨምሮ በ7 አገሮች ወደ 16 ሺህ በሚጠጉ እናቶች ላይ እነዚህኑ አምስት ጥያቄዎች ፈተሸ። ውጤቱ በ2013 ላንሴት ላይ ሲወጣ በሞትም፣ በኢንፌክሽንም፣ ደም በመውሰድም፣ በድጋሚ ቀዶ ጥገናም ጉልህ ልዩነት አልታየም። በ2016 የወጣው የ3 ዓመት ክትትልም ያንኑ ደገመ። (በጣት እየለጠጡ የሚከፍቱበት የጆኤል-ኮኸን ዘዴ ከፋነንስቲል ይልቅ ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ በሌሎች ጥናቶች ታይቷል። ጥሩ፣ ይሠራበት።)

ልዩነቱ የሚመጣው ማኅፀኑ የተከፈተበት ቦታ ላይ ነው። ታችኛው ስስ ክፍል ላይ ወደ ጎን ከተከፈተ፣ በሚቀጥለው ምጥ ጠባሳው የሚተረተርባቸው ሴቶች ከ100 አንድ እንኳ አይሞሉም። ላይኛው ወፍራም ክፍል ወደ ታች ከተቀደደ ግን አደጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ ያቺ ሴት ምጥ ሳይጀምራት በቀጠሮ በቀዶ ጥገና መውለድ አለባት። ይህንን ከውጭ አይቶ የሚያውቅ ሐኪም የለም። የሚያውቀው ወረቀት ብቻ ነው።

ወረቀቱስ የት አለ? የአንዳችን የአክስት ልጅ አጋሮ አካባቢ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ጥገና ወልዳ ስትወጣ የሰጧት ወረቀት ‹‹በቀዶ ጥገና ወልዳለች›› ይላል፣ በቃ። ሁለተኛውን አርግዛ ቡና ለቀማ መሐል ምጥ መጣባት። አዋላጇ ‹‹ማኅፀንሽ የተከፈተው እንዴት ነው?›› ብትላት ‹‹እኔ ምን አውቄ፣ መጋረጃ ጋርደውብኝ ነበር እኮ!›› አለች። የድሮው ካርድ ተፈለገ፣ ጠፍቷል። በሌሊት ሪፈር ተጽፎላት ጅማ ደረሰች፤ ጥንቃቄ ይሻላል ተብሎ እንደገና ተቀደደች። እሷም ልጇም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ያስፈልግ እንደነበር ግን የሚነግራት የለም። ሦስተኛ ማርገዝ ትፈራለች፤ ባሏ ደግሞ ሦስተኛ ይፈልጋል።

ይህ ጉዳይ የጥቂቶች አይደለም፤ የብዙዎች ሊሆንም ነው። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቀዶ ጥገና የተወለዱት በአገር ደረጃ 2 በመቶ፣ አዲስ አበባ ላይ 21 በመቶ ነበሩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ከሚያሠለጥናቸው መካከል የሆኑት የድንገተኛ ቀዶ ጥገና ባለሙያዎች በየወረዳው ሆስፒታል እየገቡ ነው። እሰየው! ምላጩ ለቡና ገበሬዋ ቀርቧል፤ ወረቀቱ ግን አልተከተለውም።

‹‹ወረፋው ይህን ያህል ሆኖ ማን ይጽፋል?›› የሚሉን ሐኪሞች አሉ። ድካማቸውን እናውቃለን። ግን እኮ ሐኪሙ የሠራውን ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ጽፎታል! የምንለው አራት መስመር በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ገልብጣችሁ ለባለቤቷ ስጧት ነው። ለምን ተቀደደች፣ ማኅፀኗ የት ተከፈተ፣ ያልታሰበ ነገር ነበር ወይ፣ ቀጣዩን አምጣ መሞከር ትችላለች ወይ። የሊሙ ቡና እንኳ ከየት እንደመጣና ደረጃው ስንት እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ይዞ ነው ባሕር የሚሻገር።

እኛ አራስ ጥየቃ ላይ ጥያቄያችንን ቀይረናል፤ ‹‹ወረቀት ሰጡሽ ወይ?›› እንላለን። ባለፈው ሳምንት የጠየቅናት ልጅ ‹‹አዎ፣ አለኝ›› ብላ ከትራሷ ስር አወጣችልን። የሕፃኑ የክትባት ካርድ ነበር።