የዱር እንስሳ የሚታየው በበጋ ነው

ማለዳ 12 ሰዓት ሆሳዕና መናኸሪያ ረዳቱ «ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ!» እያለ ይጣራል። መኪናው ሃላባን አልፎ አጄ ሲደርስ ብዙው ተሳፋሪ እንቅልፍ ላይ ነው። ከአጄ ወደ ደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የሰንቀሌ መጠለያ አለ። እዚያ የሚግጠው የስዌይን ቆርኬ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ስንቶቻችን አይተነዋል?

እኛ የመስቀል ተጓዦች ነን። ለያሆዴና ለመሳላ ዘመድ ከአዲስ አበባም ከደቡብ አፍሪካም ይመጣል። ገንዘብም ሰውም የሚገኘው ያኔ ስለሆነ «ልጆቹን አንድ ቦታ እናሳያቸው» የሚባለውም ያኔ ነው። ግን መስከረም ክረምቱ ገና የወጣበት ነው። ሣሩ ረጅም፣ ጥርጊያ መንገዱ ጭቃ ነው። ሄዶ ምንም ሳያይ የተመለሰ ሰው ደግሞ «ባዶ ሜዳ ነው» ብሎ ያወራል።

ኢንተርኔት የጠየቀም ይሳሳታል። «ለአፍሪካ ሳፋሪ ሐምሌና ነሐሴ» የሚለው ምክር ለማሳይ ማራና ለክሩገር ልክ ነው፤ እዚያ ያኔ ደረቅ ወቅት ነው። እኛ ጋ ግን ክረምት ነው። ስለዚህ የወሩን ስም ሳይሆን ድርቀቱን እንቁጠር። ሲደርቅ ሣሩ ያጥራል፣ ቅጠሉ ይራገፋል፣ እንስሳውም ውሃ ወዳለበት ይሰበሰባል። ይህ በእኛ አካባቢ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። በጨበራ ጩርጩራ ዝሆንና ጎሽ ማየት ለሚፈልግም ያው ነው።

«በጋ አቧራና ሙቀት ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ስለዚህ ጠዋት በማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ እንሂድ፤ ቀትር ላይ እንስሳውም ጥላ ይፈልጋል።

ለእኔ ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። በጋ ግጦሽ የሚጠፋበት ወቅት ነው። በመጠለያው ዙሪያ የሚኖረው አርብቶ አደርና ገበሬ ከብቱን የሚያበላው ሲያጣ ወደ ሰንቀሌ ሣር ያያል፤ አይፈረድበትም። ያን ጊዜ ጎብኚ ካልመጣ፣ ከጎብኚውም ለጎረቤቱ የሚተርፍ ነገር ከሌለ፣ ቆርኬው ለእሱ የከብቱ ተሻሚ ብቻ ነው። እንስሳው በደንብ የሚታይበትና ሰው አጥብቆ የሚያስፈልገው ወቅት አንድ ነው።

ለመስቀል ሰንጋ ዓመቱን ሙሉ የምናጠራቅም ሰዎች ነን። ከዚያ ላይ ትንሽ ቀንሰን ለጥር ብናቆይስ? መምህራንስ የመንፈቅ ዓመቱን እረፍት ለዚህ ብታውሉትስ? ልጆቻችን ቆርኬን የሚያውቁት በ10 ሳንቲም ላይ ካለው አንበሳ ባነሰ መሆን የለበትም።