እንጦጦ ጫፍ ላይ የቆመ ቃል

ከየካ በላይ ያለውን የእንጦጦ ሸንተረር ብዙዎቻችን የምናውቀው በባሕር ዛፉ፣ በኪዳነ ምሕረት ጠበልና ማለዳ በሚያልፉት ሯጮች ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ ውኃ ከፋይነቱ ነው። 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከዚህ ሸንተረር በስተደቡብ የወደቀ ዝናብ በቀበና ወርዶ፣ በአቃቂ አድርጎ፣ አዋሽን ይቀላቀልና አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በስተሰሜን የወደቀው ወደ ሱሉልታ ወርዶ በሙገር በኩል ዓባይ ይገባል፤ መዳረሻውም ሜዲትራኒያን ነው። ክንድ በማይሞላ ልዩነት የወደቁ ሁለት ጠብታዎች ዳግም አይገናኙም።

በፊዚክስ ቋንቋ ይህ «መስክ» ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ እዚህ ላይ ቁጥሩ ከፍታ ነው። ጠብታውን የሚነዳው ቁልቁለቱ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፋራዴይ በማግኔት ዙሪያ ያስተዋለውን መስክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1865 በቀመር አሰረው። እኛም ለነገሩ ባዕድ አይደለንም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የምድርን የማግኔት መስክ መለካት ከጀመረ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይህ ሒሳብ አሁን የቃላትን ትርጉም ለመስፈር ውሏል። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ሆፕፊልድ እ.ኤ.አ. በ1982 ትውስታን እንደ ሸለቆ የሚያይ ሞዴል አወጣ። የተቆራረጠ ፍንጭ ሲሰጡት ኃይሉ ወደሚያንስበት እየወረደ ሙሉውን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጄፍሪ ሂንተን ጋር የፊዚክስ ኖቤልን ተሸልሟል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ተመራማሪዎች የዛሬዎቹ የቋንቋ ሞዴሎች ቃልን ከጎረቤቶቹ ጋር የሚያዛምዱበት ስሌት ከተሻሻለው የሆፕፊልድ ቀመር ጋር አንድ መሆኑን አሳዩ።

እስቲ በአማርኛ እንሞክረው። «አበበ አለ» ብዬ ብጽፍ ምን ማለቴ ነው? «ለ» ላልታ ከተነበበች አበበ ተናገረ፤ ከጠበቀች አበበ በቦታው ይገኛል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍምና ቃሉ ልክ ውኃ መክፈያው ላይ ቆሟል። «አበበ እቤት አለ» ሲባል በአንዱ ጎን ይወርዳል፤ «አበበ ልሂድ አለ» ሲባል በሌላው። አንባቢ ይህን ሁሉ ሳይታወቀው ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከጎግል የወጣው ወርድቱቬክ ግን ለአንድ ቃል የሚሰጠው አንድ ቋሚ ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ «አለ»ን ከሁለቱ ትርጉሞች መሃል፣ ማንም በዚያ ትርጉም በማይናገረው ስፍራ ያስቀምጠዋል። የኋለኞቹ ሞዴሎች በዙሪያው ያሉትን ቃላት አይተው ያወርዱታል። እስከዚህ ድረስ የመስክ አስተሳሰብ ያስኬዳል፤ እኔም አምኜ እቀበለዋለሁ።

የሚያስቸግረው ቅኔ ነው። ጎንጅ ወይም ዋሸራ ቅኔ ቤት የተማረ ባለቅኔ ሰሙን የሚሰጠን ወርቁን ስናገኝ እንድንጥለው አይደለም። ሰሙ ቀልጦ ከጠፋ ቅኔው ተራ ንግግር ይሆናል፤ ደስታው ሁለቱን አንድ ላይ መያዙ ነው። የሆፕፊልድ ሞዴል ደግሞ ባህሪው አንዱ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ መርጋት ነው። ሂንተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሠሩት የቦልትዝማን ማሽን ዕድልን ስለጨመረበት አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ሊወርድ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ በሁለቱም ግን አይወርድም። «ታዲያ በአንድ ጊዜ በሁለት ሁኔታ መሆንን የሚፈቅደው የኳንተም ፊዚክስ ይፈታዋላ!» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ተሟጋች ሁሉ ኳንተምን ሲጠራ ጥርጣሬ ይገባኛል። ምን እንደሚለካና መቼ እንደሚሳሳት የማይነግረኝ ቀመር ከጌጥ አይለይብኝም።

እናም በየካ ያለው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሒሳብና የአማርኛ መምህራን ቢሰሙኝ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከኳንተም በፊት ቀላሉን እንሥራ። የሚጠብቀው ፊደል ሁሉ ምልክት የተደረገበት ሰፊ የአማርኛ ጽሑፍ አዘጋጁና ማሽኖቹ «አለ»ን፣ «ገና»ን የመሳሰሉትን ቃላት ስንት ጊዜ እንደሚስቱ ቆጥራችሁ አውጡልን። ወደ ቅኔው ስትመጡ ደግሞ አንድ የቅኔ መምህር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሯችሁ ይቀመጥ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ለምርቃት አትጥሩት።