ክኒኑ ብቻውን አይበቃም

በቲቢ ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ በእንግሊዝ ስለነበረው የፓፕወርዝ የቲቢ ሕሙማን መንደር ሳነብ ቀናሁ። በዚያ አገር በ1921 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የቲቢ ሕሙማንን የማሳከም ግዴታ በአካባቢ ምክር ቤቶች ላይ ጣለ። የቲቢ መድኃኒቱ ስትሬፕቶማይሲን ገና ስላልተገኘ ሕክምናው ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና ጥሩ ምግብ ነበር። ብዙዎች ግን ከሳናቶሪየም (ከቲቢ ማገገሚያ) ወጥተው ወደ ጠባብ ቤትና ከባድ ሥራ ሲመለሱ በሽታው ያገረሽባቸው ነበር። ዶክተር ፔንድሪል ቫሪየር-ጆንስ በካምብሪጅ አቅራቢያ የመሠረቱት የፓፕወርዝ መንደር ሕመምተኛውን ሕክምናው ሲያበቃ አላሰናበተም፤ እንደ አቅሙ በአናጺነት ወይም በሻንጣ ሥራ እያሠራ ደመወዝ ከፈለው፣ ከነቤተሰቡ የሚኖርበት ቤትም ሰጠው።

ዛሬ በስድስት ወር የሚያድን ክኒን አለን። የቀን ሠራተኛው ታካሚዬ ግን "ሲስተር፣ በባዶ ሆዴ አቃጠለኝ" ሲለኝ መልስ የለኝም። ጤና ቢሮዎች ምግብንና ቀላል ሥራን የሕክምናው አካል አድርገው ለሕሙማን በጀት ይያዙ።