መቅደላና ጊት
ደቡብ ወሎ፣ አቀስታ ወይም መካነ ሰላም ተቀምጦ ኮድ ለሚጽፍ ወጣት «የኮድ ለውጥን ለመመዝገብ ሰብቨርዥን ይሻላል ወይስ ጊት?» የሚለው ክርክር ለእኔ ሳይጀመር ያለቀ ነው። ሰብቨርዥን የሥራውን ታሪክ ሁሉ በአንድ ሰርቨር ያስቀምጣል፤ ኔትወርክ ከጠፋ ለውጥህን መመዝገብም ሆነ የቆየውን መዝገብ ማገላበጥ አትችልም። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት ግን ሙሉ ታሪኩን በየሰዉ ላፕቶፕ ይገለብጣል፤ ባትሪ እስካለ ትሠራለህ፣ መስመሩ ሲመለስ ትልካለህ። ሁሉን በአንድ ቦታ የማከማቸት አደጋ ለዚህ አገር ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። አፄ ቴዎድሮስ የብራና መጻሕፍትን ሰብስበው እዚሁ ጎረቤት፣ መቅደላ ላይ አከማቹ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ከክምችቱ ከፊሉ ወደ ለንደን ተጓዘ፤ አፄ ዮሐንስም ክብረ ነገሥቱን መልሱልን ብለው ባሕር ማዶ መጻፍ ግድ ሆነባቸው። በየደብሩ ግልባጭ የነበረው ግን ተርፏል። ሰብቨርዥን ለመማር ይቀላል፣ ከባድ የምስል ፋይልም ብዙ አያስጨንቀውም፤ ይህን አልክድም። (የጊት የስሕተት መልእክት ደግሞ ቅኔ ነው፣ ፈቺ ይፈልጋል።) ሥራውን ሁሉ የጊት ማኖሪያ በሆነው ድረ ገጽ፣ ጊትሃብ ላይ ብቻ አኑሮ ላፕቶፑ ላይ አንድ ቅጂ የሌለው ልጅ ሳይ ግን፣ ይሄ በጊትም መቅደላን ሠራ እላለሁ።