ቁጥር የሌለው ብሬከር
ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር የተደረደሩትን የመብራት ቆጣሪዎችና ብሬከሮች ቆም ብዬ ባየሁ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ የትኛው የማን ቤት እንደሆነ በግልጽ የሚናገር ጽሑፍ የለም። አንዱ ላይ የቤት ቁጥሩ በእስክሪብቶ ተጽፎ ደብዝዟል፤ ሌላው ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ግማሹ ተልጧል፤ የቀሩት ባዶ ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ሶኬት ሊቀይር የመጣ ኤሌክትሪሺያን ታዲያ ብሬከሮችን በግምት ያወርዳል። መብራት የጠፋበት ጎረቤት ደግሞ በራሳቸው የወደቁ መስሎት የወረዱትን ሁሉ መልሶ ያነሳቸዋል። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ላይ ያለው ሰው ግን 220 ቮልት በእጁ ይዟል። ይህን «የአጋጣሚ ነገር» ማለት አይዋጥልኝም፤ ቸልተኝነት ነው። ብሬከር ማውረድ ብቻውን አይበቃም። እንዳይነሳ መቆለፍ፣ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀት መለጠፍ፣ ሽቦውን ከመንካት በፊት በቴስተር ማየት ያስፈልጋል። ቴስተሩም አስቀድሞ ኮረንት ባለበት ሶኬት ይሞከር፤ የተበላሸ ከሆነ ኮረንት ባለውም በሌለውም ሽቦ ላይ አይበራምና። ፌዝና ኒውትራል ተቀያይረው በተገጠሙበት ቤት ደግሞ ባለ አንድ መስመር ብሬከር ሲወርድ አምፖሉ ይጠፋል፤ ሽቦው ግን ኮረንት እንደያዘ ይቀራል። የነዋሪዎች ማኅበራት ለጥበቃና ለጽዳት እንደምታዋጡ አውቃለሁ። እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ቆጣሪዎቹንና ብሬከሮቹን በባለሙያ አስለይታችሁ የቤት ቁጥር አስለጥፉባቸው፤ አንድ የብሬከር መቆለፊያም ግዙ።