የጣና ታንኳ ይዘመን ሲባል

የጣና ታንኳ ከደረቀ ደንገል የሚታሰር፣ አፍንጫው ወደ ላይ የቀና፣ በሸምበቆ የሚቀዘፍ ጀልባ ነው። አሣ አጥማጁም፣ ማገዶ ጫኙም፣ ወደ ሐይቁ ገዳማት ተሻጋሪውም የሚይዙት ታንኳ በመጠን ይለያያል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ስለዚህ ጀልባ የሚሰነዘረው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፦ ዘመኑ አልፎበታል፤ መልኩ ለጎብኚ ይጠበቅና ከፋይበርግላስ ይሠራ፣ ከተቻለም ሞተር ይገጠምለት። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ታንኳው በምን እንደሚንሳፈፍ ግን አልጠየቀም።

ታንኳ ውሃ እንዳይገባው ተብሎ የተሠራ ጎድጓዳ ዕቃ አይደለም። ውሃ በአገዳዎቹ መካከል እንደልቡ ይገባል፣ ይወጣል፤ ጀልባውን የሚያንሳፍፈው አየር የሞላው የደንገሉ ለስላሳ ውስጥ ነው። ቀዛፊው እንዳይረጥብ ሌላ ደረቅ ደንገል ከመሃል ይነጠፍለታል። ማዕበል ሲያርፍበት ውሃው በየክፍተቱ ሾልኮ ይወርዳል። ይኸው ጠባብ ቅርጽ በፋይበርግላስ ቢቀዳ ከውጭ ታንኳ፣ ከውስጥ ባዶ ገንዳ ይሆናል፤ የገባው ውሃ መውጫ የለውም። መልኩን ጠብቆ ቁሱን መለወጥ የሚባለው ማሻሻያ እንግዲህ መልኩ ብቻ የቀረለት ሌላ ጀልባ ነው፤ ያውም የባሰ።

ጉድለቱ የሚካድ አይደለም። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ታንኳው እየቆየ ይከብዳል። ከሥራ ሲመለስ ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንዲደርቅ የሚደረገው ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው ከጥቂት ወራት አይዘልም። ተቺዎቹ ይህን ትልቁ ማስረጃቸው ያደርጉታል። የሚዘነጉት መተኪያው ከዚያው ዳር የሚታጨድ መሆኑን ነው። በነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ዘንድ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ስለሆነ የተሰበረ ታንኳ ባለቤቱን ባለዕዳ አያደርገውም። የተሰነጠቀ ፋይበርግላስ ግን ሬዚን የተባለ ማጣበቂያ፣ ባለሙያና ገንዘብ ይፈልጋል።

ከአንድ የደንገል ጀልባ ላይ አንዲት ነገር ስትጎድል የሚከተለው በውቅያኖስ ላይ ታይቷል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና በተጫነ ደንገል «ራ» የተባለችውን ጀልባ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ አሠራ፤ ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወጠር ገመድ ይታያል። ጭራውን ለማጉበጥ ብቻ የሚያገለግል ስለመሰላቸው ተዉት። አትላንቲክ ላይ የኋላው ክፍል እየዘቀጠ ሄደ፤ ጀልባዋም መዳረሻዋ ሳትደርስ ተተወች። ጌጥ የመሰለው ገመድ የኋላውን ክፍል እንደ ስፕሪንግ ደግፎ የሚይዝ ነበር። በዓመቱ «ራ 2» ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ የአይማራ ሠሪዎች እጅ ታሰረች። ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ ሄዶ ነበር። ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ጀልባን ማሻሻል ለራሱ ሕግ የተበጀለት ሥራ መሆኑን የውድድር ጀልባዎች ታሪክ ያሳያል። ካናዳዊው ብሩስ ከርቢ የነደፈው «ሌዘር» የተባለው አነስተኛ የሸራ ጀልባ በአንድ ንድፍ ብቻ የሚወዳደሩ ጀልባዎች ምድብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ ጀምሮም የኦሊምፒክ ጀልባ ሆኗል። ጀልባዎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አሸናፊውን የሚለየው ነጂው እንጂ የጀልባው ዋጋ አይደለም። ለውጥ ሲያስፈልግ የሚነካው የሚያስቸግረው ነው፦ ቶሎ የሚረግበው ሸራ ተለወጠ፣ የሚጎብጠው የላይኛው ምሰሶ ከጠንካራ ቁስ ተሠራ፤ አካሉ ግን እንዳለ ቀረ። አሮጌውን ጀልባ የያዘ ሰው ከውድድር አልወጣም።

በምዕራብ ጎንደር ቆላም ገበሬው ያለ ማንም አስተማሪ የሚከተለው ይህንኑ ነው። መተማ ዛሬ የሰሊጥ አገር ናት። ማረሱን ትራክተር ወስዶታል። አጨዳው ግን እስካሁን በአብዛኛው በማጭድና በጉልበት ሠራተኛ እጅ ነው፤ የሰሊጥ ፍሬ እኩል አይደርስም፣ ሲደርቅም ከረጢቱ ተከፍቶ ይረግፋል። ስለዚህ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ ይደርቃል። ማሽን የገባው አዝመራው በፈቀደለት ቦታ ነው። መተማን በዚህ ኋላ ቀር የሚላት የለም፤ ጣና ላይ ግን ተመሳሳዩ ጥንቃቄ ድንቁርና ተደርጎ ይቆጠራል።

ሞተሩ በተለይ ብዙ አስተምሯል፣ ተማሪ ግን አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ገቡ። ታንኳ አጥማጁን ከዳር ብዙ አያርቀውም ነበር፤ አዲሱ ጀልባ ግን ነጭ አሣ ለመራባት ወደሚሰበሰብባቸው የወንዝ አፎች፣ ወደ ጉማራና ርብ፣ በአንዴ አደረሰው። ነጭ አሣ በጣና ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን አብዛኞቹ ሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብዛቱ በሦስት አራተኛ ገደማ መውረዱ በጥናት ታይቷል። ጥፋቱ የሞተሩ ብቻ አይደለም፤ የመራቢያ ወቅትን የሚያስከብር ደንብ ሳይቀድመው ጉልበት መጨመሩ ነው። የታንኳው ዝግመት ደንብ ባልነበረበት ሐይቅ ላይ እንደ ደንብ ያገለግል ነበር።

ታንኳው ታዲያ አይነካም ማለት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሰፊውን ሐይቅ በታንኳ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ለዚያ ጉዞ፣ ለመንገደኛና ለከባድ ጭነት፣ ሌላ ዓይነት ጀልባ ያስፈልጋል፤ እሱም ታንኳ መምሰል የለበትም። በታንኳው ላይ የሚታሰበው ለውጥ ከሚያልቀው ይጀምር፦ ቶሎ የሚበሰብሰውን ማሰሪያ የሚተካ፣ ግን ደንገሉን የማይቆርጥ ገመድ መሞከር አንዱ ነው። ሁለተኛው ከጀልባው ውጭ ያለ ነው፤ በእርሻ መስፋፋትና እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በታየው የእምቦጭ አረም እየጠበበ ያለው የደንገል ዳርቻ ካልተጠበቀ የንድፍ ክርክሩ ራሱ ትርጉም ያጣል። የሕይወት አድን ጃኬት ደግሞ ዋጋው ከሞተር ጋር አይወዳደርም፤ ከታንኳውም አንዲት አገዳ አያስነሣም።